ከመቆፈራችን በፊት እንጠይቅ

አንድ ኅብረተሰብ ለጤና ሥራ ያለውን ዝግጁነት ስለ ማወቅ የቀረበ ጥናት

ይህ ትምህርት በየአጥቢያው በጥናት ቡድን እንዲነበብ፥ በየፕሮጀክቱም ያሉ ሠራተኞች እንዲወያዩበት የተዘጋጀ ነው። የሚጀምረው ግን ከጥፋት፥ ያውም ከራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከገረሴ ከተማ አለፍ ብላ በምትገኝ አንዲት የደጋ መንደር የመጸዳጃ ቤት ሥራ እንዳስተባብር ተመድቤ ነበር። ዕቅዱ በቢሮ ተጽፎ፥ በጀቱ ተፈቅዶ፥ ቀኑም ተቆርጦ ነበር። ለየቤተሰቡ የሲሚንቶ መርገጫና ቆርቆሮ አደልን፤ ወጣቶችንም በቀን ሂሳብ አሠማርተን ጉድጓዶቹን አስቆፈርን። ሥራው ክረምት ሳይገባ አለቀ። ፎቶግራፍ አነሣን፤ ሪፖርት ላክን፤ ደስም አለን።

በሚቀጥለው ዓመት ለጉብኝት ተመለስሁ። በአንዱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የማገዶ እንጨት ተከምሯል። የሌላው ቆርቆሮ ተነቅሎ የጥጃ ቤት ተሸፍኖበታል። ሦስተኛው ተቆልፏል፤ ለምን እንደ ተቆለፈ ብጠይቅ «ለእንግዳ ነው» ተባልሁ። ልጆቹ እንደ ቀድሞው ከእንሰቱ ጓሮ ይወጣሉ።

አንዲት አሮጊት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገብስ ይለቅሙ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፥ «ልጄ፥ ጉድጓዱን ቆፈራችሁ፤ እኛን ግን አልጠየቃችሁንም» አሉኝ።

«ብንጠይቅዎ ኖሮ ምን ይሉን ነበር፥ እናቴ?» አልኋቸው።

ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ፤ «እናንተ ስትቆፍሩ በነበረበት ሰሞን የልጄ ልጅ በተቅማጥ ሞተብን። ሰዉ ሁሉ የአባቱ ጎሜ ነው አለ። እኛም ያንን ለማስታረቅ ሽማግሌ ፊት ተቀምጠን ነበር። ስለ ጉድጓዱ ማን ያስብ?»

ይህን ስሰማ የምመልሰው ቃል አጣሁ። በቤቱ ውስጥ ሕፃን ሲሞት እኛ በጓሮው ስንቆፍር ነበር፤ ሞቱንና ጉድጓዱን የሚያገናኝ ቃል ግን ከእኛ ወገን ማንም አልተናገረም። ቆርቆሮውም የተገዛው ከእናንተ ከደጋፊዎቻችን በተሰበሰበ ስጦታ ነበር። ስለዚህ ይህን ትምህርት ስጽፍ እንደ መምህር ብቻ ሳይሆን እንደ ባለ ዕዳም ሆኜ ነው።

፩. ነህምያ አስቀድሞ ቅጥሩን ዞረ

በነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 2 ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ወዲያው ድንጋይ አላነሣም። ሦስት ቀን ቆየ። ከዚያም ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥርና የተቃጠሉትን በሮች ተመለከተ፤ እንስሳው የማያልፍበት ስፍራ እስኪደርስ ድረስ ዞረ። ለሹማምንቱም ሆነ ለሕዝቡ የተናገረው ከዚህ በኋላ ነው። ሲናገርም ስለ ደረሰባቸው መከራ እነርሱ ራሳቸው የሚያውቁትን ነገራቸው፤ እነርሱም ተነሥተን እንሥራ ብለው መለሱ። ምዕራፍ 3ን ስናነብ ደግሞ ብዙዎቹ በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን እንደ ሠሩ እናያለን።

በዘዳግም ምዕራፍ 23 ሕዝቡ ከሰፈሩ ውጭ ቆፍሮ እንዲጸዳዳና አፈር እንዲመልስበት፥ ለዚህም እያንዳንዱ መቆፈሪያ እንዲይዝ ታዝዟል። እንግዲህ የመጸዳጃ ጉዳይ ለአማኝ የሚያሳፍር ወሬ አይደለም። ነገር ግን መቆፈሪያውን የያዘው ማን እንደ ነበረ እናስተውል፤ ራሱ ባለ ጉዳዩ ነበር። በእኛ መንደር መቆፈሪያውን የያዝነው እኛ ነበርን።

፪. በደቡብ የታየው ትልቅ ምሳሌ

ገረሴ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጋሞ ዞን ትገኛለች። ያ የቀድሞ ክልል በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003/2004) ታላቅ የመጸዳጃ ቤት ዘመቻ አካሂዶ ነበር። በዘመቻው መጀመሪያ መጸዳጃ ያለው ቤተሰብ ከመቶ 13 ያህል ብቻ እንደ ነበረና በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 78 ያህል እንደ ደረሰ በጊዜው ተመዝግቧል። ይህ የሆነው ቆርቆሮና ሲሚንቶ በማደል አልነበረም። የክልሉ ጤና ቢሮ በመጀመሪያ የወረዳና የቀበሌ መሪዎችን አሳመነ፤ ከዚያም ሕዝቡ ከአካባቢው በሚገኝ እንጨት፥ ጭቃና ሣር በራሱ ጉልበት ሠራ። በዚያው ወራት የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞችን እየመደበ ትምህርቱን ወደ ደጃፍ ማድረስ ጀመረ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ መሪዎች ከልብ ሲነሡ ብዙ ሥራ በአጭር ጊዜ ይሠራል፤ ገንዘብም የመጀመሪያው ነገር አይደለም። ሁለተኛ፥ ጉድጓድ መቆጠሩ ሰው ለመለወጡ ማስረጃ አይሆንም። የጉድጓዱ ቁጥር በፍጥነት ሲወጣ እጅን በውኃና በሳሙና ወይም በአመድ የመታጠብ ልማድ ግን ወደ ኋላ ቀረ፤ ጉድጓድ ሲሞላ ወይም በዝናብ ሲደረመስ ሌላ ሳይቆፍር የሚቀርም ቤተሰብ ነበር። በመሪዎች ዘንድ የነበረው ዝግጁነት ከቤተሰቡ እውቀትና ልማድ ቀድሞ ሄዶ ነበር ማለት ነው።

፫. ዝግጁነት ማለት ምንድን ነው?

በአሜሪካ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንኑ ጥያቄ አንሥተው ነበር። በመጀመሪያ ያሰቡት ስለ አልኮልና ስለ አደንዛዥ ዕፅ መከላከል ነበር። በአንዱ መንደር የተሳካ ሥራ በሌላው የሚከሽፈው ስለ ምን ነው ብለው ጠየቁ። መልሳቸውም፥ ኅብረተሰብ እንደ አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ በደረጃ ያድጋል፤ ያለበትን ደረጃ ሳያውቁ የሚመጣ ሥራ ወይ ይቀድመዋል፥ ወይ ወደ ኋላ ይቀርበታል የሚል ሆነ።

ዝግጁነትን ለመመዘን አምስት ነገሮችን ይመለከታሉ። እኔ በገረሴ አካባቢ ባየሁት እየመሰልሁ ላቅርባቸው።

ሀ) ሕዝቡ ስለ ተጀመረው ሥራ ምን ያውቃል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምታስተምረውን ሰምቷል? ቀደም ሲል መጥቶ የሄደ ፕሮጀክት አለ? እንዴት አለቀ? የተጣለ ጉድጓድ ያየ ሕዝብ ሁለተኛውን ጉድጓድ በጥርጣሬ ይመለከታል።

ለ) መሪዎች ምን ያስባሉ? በጋሞ ደጋ የቀበሌ ሊቀ መንበር ብቻውን መሪ አይደለም። ሽማግሌዎች፥ ሃላቃዎች፥ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች፥ የዕድር ዳኞች ሁሉ አሉ። ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ስፍራ የተነገረና የጸደቀ ቃል ከማናቸውም ደብዳቤ ይበልጣል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው እንደ መለሷቸው አገር ሁሉ ያስታውሳል። ይህን የመሰለ የአባቶች ሥልጣን ባለበት ስፍራ አባቶችን ሳይሰሙ የጤና ሥራ መጀመር እንዴት ያለ ስንፍና ነው!

ሐ) የሕዝቡ ስሜት ምንድን ነው? ችግሩ የእኛ ነው፥ ሥራውም የእኛ ነው ይላሉ? ወይስ የመንግሥት ነው፥ የድርጅት ነው ይላሉ?

መ) ስለ ችግሩ ያለው እውቀት ምን ያህል ነው? ከላይ ያወሳናቸው እናት የነገሩኝ ይህን ነበር። ጎሜ ማለት በጋሞ ዘንድ የአባቶችን ሥርዓት መጣስ የሚያመጣው መከራ ነው፤ በሰው፥ በከብት ወይም በእርሻ ላይ ይደርሳል ተብሎ ይታመናል፤ መፍትሔውም ጥፋትን ተናዝዞ መታረቅ ነው። እኛ ይህን ሰምተን መሳቅ የለብንም። የተጣላውን ሰው ጥፋቱን እስኪናገር ድረስ የሚያስቀምጥ ኅብረተሰብ ታላቅ ኃይል አለው። ነገር ግን ተቅማጥ ከሰው ዓይነ ምድር በዝንብ፥ በውኃና በእጅ ወደ አፍ እንደሚገባ ያላወቀ ቤተሰብ በጓሮው ያለው ጉድጓድ ለልጁ ሕይወት እንደ ተቆፈረ ሊያውቅ አይችልም።

እንዲሁ ደግሞ በየደጋው የሚታየውን የእግር ዝሆኔ እንውሰድ። ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠሩ ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ የሚመጣው በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለረጅም ዘመን በባዶ እግር ከመሄድ እንደ ሆነ አሳዩ። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሠቃዩ ይገመታል። ጫማና የእግር ንጽሕና ይከላከሉታል። ሆኖም በብዙ ስፍራ እርግማን ነው፥ ወይም ይተላለፋል እየተባለ በሽተኛው ከጋብቻና ከማኅበር ይለያል። በጎረቤታችን በወላይታ በዚህ በሽታ ላይ የተሠማራው ሥራ የታከሙትን በሽተኞች ራሳቸውን አሠልጥኖ አስተማሪዎች አድርጓል። ከመንደሩ ወጥቶ የዳነ ሰው ሲናገር ሰው ይሰማልና።

ሠ) ምን ሀብት አለ? ሀብት ስንል ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጊዜ፥ ጉልበት፥ እንጨትና ውኃ ሁሉ ሀብት ነው። ብዙ ወንዶች ለሽመና ወደ አዲስ አበባ በሄዱበት መንደር ጉድጓዱን ማን ይቆፍራል? ውኃ ከሸለቆ በጀርባ በሚመጣበት ስፍራ እጅ መታጠብን ስናስተምር የምንጨምረው ሸክም በማን ጀርባ ላይ ነው? በእናቶች ጀርባ ላይ ነው።

፬. ዘጠኙ ደረጃዎች

ከእነዚህ ከአምስቱ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 9 ባለ ደረጃ ይመዘናል። ደረጃዎቹን ከሰው አፍ በሚሰማው ቃል እንለያቸዋለን።

1. አለማወቅ፦ «አባቶቻችንም ሜዳ ወጥተው ነው የኖሩት።» እዚህ ስብሰባ መጥራት ከንቱ ነው። ከቤት ወደ ቤት መሄድ፥ ማዳመጥና መወዳጀት ይበጃል።

2. መካድ ወይም መቃወም፦ «ሌላ መንደር ችግር ይሆናል፤ እኛ ጋ ግን የለም።» ከዚያው መንደር የሆነውን እውነተኛ ነገር በፍቅር ማንሣት ያስፈልጋል።

3. ጭላንጭል ግንዛቤ፦ «አዎን፥ ልጆች ይታመማሉ፤ ግን ምን ይደረጋል?» በቡና ላይ፥ በዕድር፥ ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ በትናንሹ መነጋገር ይቻላል።

4. ቅድመ ዕቅድ፦ «አንድ ነገር ማድረግ አለብን፤ ምን እንደ ሆነ ግን አላወቅንም።» የመንደሩን ሁኔታ ከሰዉ ጋር ሆኖ መቁጠርና ማጥናት።

5. ዝግጅት፦ «ኮሚቴ አቋቁመናል፤ ከመኸር በኋላ እንጀምራለን።» አሁን ዕቅድ ይወጣል፤ የውጭ እርዳታም ቢመጣ ቦታ ያገኛል።

6. ጅማሬ፦ ሥራው ተጀምሯል፤ ሠልጥነው የሚያስተምሩ የመንደሩ ሰዎች አሉ።

7. መጽናት፦ ሥራው የተለመደ ሆኗል፤ የሞላው ጉድጓድ ያለ ትእዛዝ ይተካል።

8. ማረጋገጥና ማስፋፋት፦ ውጤቱን ይመዘግባሉ፤ እጅ መታጠብ፥ የምንጭ ማጎልበት የመሰለ ሌላ ሥራ ይጨምራሉ።

9. ባለቤትነት፦ ሕዝቡ ራሱ ያውቃል፥ ራሱ ይመረምራል፥ ራሱ ያርማል። የእኛ መኪና ባይመጣም አይጎድልበትም።

እኔና ባልደረቦቼ ወደ ሁለተኛ ደረጃ መንደር የስድስተኛ ደረጃ ሥራ ይዘን ገባን። ቆርቆሮው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ጊዜው ስላልነበረ ነው።

፭. እንዴት እንጠይቅ?

አንደኛ፥ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 የሚሆኑ ኅብረተሰቡን በልዩ ልዩ ወገን የሚያውቁ ሰዎችን እንምረጥ፦ አንድ ሽማግሌ ወይም ሃላቃ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፥ መምህር፥ የሴቶች ዕድር መሪ፥ የምእመናን ሽማግሌ። ከእነዚህም ጋር አንድ የሸክላ ሠሪ ወይም የቆዳ ፋቂ ቤተሰብ አባል አይቅር። በቀደመው ልማድ እነዚህ ወገኖች ከዱቡሻው ክብር የተለዩ ነበሩ፤ ሴቶችም ብዙ ጊዜ በዚያ ድምፃቸው አይሰማም። ጉባኤው ተስማማ ስንባል እነርሱ ካልነበሩበት ግማሹ መንደር ገና አልተጠየቀም።

ሁለተኛ፥ ለብቻ ለብቻ፥ በቋንቋቸው፥ ሳንቸኩል እንጠይቅ። «መጸዳጃ ቤት ይጠቅማል?» ብለን ብንጠይቅ ሁሉም እንግዳ አክባሪ ነውና «ይጠቅማል» ይለናል። ይልቅ፥ «ባለፈው ክረምት ሕፃናት በምን ታመሙ? ያን ጊዜ ሰዉ ምን አለ? ወዴትስ ወሰዳችኋቸው?» ብንል እውነቱ ይወጣል። መልሱንም እንደ ተነገረን እንጻፍ፤ በራሳችን ቃል አናስውበው።

ሦስተኛ፥ ሁለት ሰዎች የተጻፈውን ለየብቻቸው አንብበው ነጥብ ይስጡ፤ ከዚያም ተነጋግረው ይስማሙ። የሁሉም ተጠያቂዎች ነጥብ ተደምሮ ይካፈላል። ለምሳሌ ሥራውን ማወቅ 4፥ መሪዎች 5፥ ስሜት 2፥ እውቀት 2፥ ሀብት 3 ቢሆን ድምሩ 16 ነው፤ ለ5 ሲካፈል 3.2 ይሆናል። ምንጊዜም ወደ ታች ይቆጠራልና መንደሩ በ3ኛው ደረጃ ላይ ነው እንላለን። ሥራ የሚጀመረው ግን ዝቅተኛ ነጥብ ካገኘው፥ በዚህ ምሳሌ ከስሜትና ከእውቀት ነው። መሪዎቹ 5 አገኙ ብሎ መቸኮል እንደ ጥንቱ ጥፋታችን መመለስ ነው።

አራተኛ፥ ያገኘነውን ወደ ሕዝቡ እንመልስ። እንዲህ ብላችሁናል፤ ልክ ነው ወይ? ብለን እንጠይቅ። የሰው ቃል ወስዶ አለመመለስ ብድር እንደ መካድ ነው።

፮. ወደዚያች መንደር ተመልሰን

እኛም ይቅርታ ጠይቀን ተመለስን። በዚህ ጊዜ ቆርቆሮ አልያዝንም። ጥቂት ወራት የፈጀነው በመጠየቅ ብቻ ነበር፤ ከቢሮ በኩል «እስካሁን ምን ሠራችሁ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ይከብደን ነበር።

በመጨረሻ የሰማነውን በአባቶች ፊት አቀረብን። አንድ አባት ረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ፥ «ጎሜ የሚታወቀው በመናዘዝ ነው። እኛ በልጆቻችን ምግብ ላይ ምን እንደምናደርግ እንናዘዝ» አሉ። ከዚያም ዝንብ ከሜዳው ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁ። ከዳር የተቀመጠች አንዲት እናት «ወደ ቂጣው ነዋ!» አለች። ሳቅ ሆነ፤ ወዲያውም ጸጥታ ወረደ። ያን ቀን ከእኛ ወገን ማንም አላስተማረም።

ዛሬ መንደሩ ሁሉ ተለውጧል ብዬ አልዋሻችሁም። ከአራተኛው ደረጃ ወደ አምስተኛው በመሻገር ላይ ያለ ይመስለኛል። ገና ሜዳ የሚወጡ አሉ፤ ውኃውም ገና ሩቅ ነው። ነገር ግን የእነዚያ እናት ልጅ አዲስ ጉድጓድ ቆፍሯል፤ ግድግዳው ከቀርከሃና ከእንሰት ቅጠል የተሠራ ነው፤ በደጃፉም ውኃ ያለበት ጀሪካንና አመድ ተቀምጠዋል። እናቲቱ እዚያ ወስደው ሲያሳዩኝ፥ «ይህንን ልጄ ነው የቆፈረው» አሉኝ፤ ከእኛ ቆርቆሮ አንዱም የለበትም።

የተወደዳችሁ ደጋፊዎች፤ ከመስክ የሚመጣው ሪፖርት «በዚህ ሩብ ዓመት ጠየቅን፥ አዳመጥን» ብቻ የሚል በሆነ ጊዜ ገንዘባችን ባከነ አትበሉ። የባከነውስ ሳንጠይቅ የቆፈርንበት ዓመት ነው። ያ ሕፃን በሞተበት ወር ከእኛ አንዳችን ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ብንሰማ ኖሮ፥ ምናልባት ለታናሽ ወንድሙ ቶሎ እንደርስለት ነበር።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ነህምያ ሦስት ቀን ቆይቶ፥ ቅጥሩንም ዞሮ የተናገረው ስለ ምን ይመስላችኋል? እኛ በመንደራችን ይህን የምናደርገው እንዴት ነው?

2. በአካባቢያችሁ የተጣለ ወይም ለሌላ ነገር የዋለ የፕሮጀክት ሥራ አለ? ሕዝቡ በዚያን ጊዜ በየትኛው ደረጃ ላይ የነበረ ይመስላችኋል?

3. በእናንተ ዘንድ በሽታ ከምን ይመጣል ይባላል? ይህን ሳትንቁ እውነቱን የምታስረዱበትን መንገድ ተነጋገሩ።

4. በጉባኤያችሁ ድምፃቸው የማይሰማ እነማን ናቸው? በሚመጣው ሳምንት ከመካከላቸው አንዱን ማን ሄዶ ይጠይቃል?

5. አንድ የጤና ጉዳይ መርጣችሁ አምስቱን መመዘኛዎች ከ1 እስከ 9 ነጥብ ስጡ። ዝቅተኛው የትኛው ነው? ገንዘብ ሳይጠየቅ በእርሱ ላይ ምን መጀመር ይቻላል?